ማኛው ራምና የመርሳው ልጅ፦ ለፍጥነት የምንከፍለው ገንዘብ ታሪክ

ባለፈው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ የእህቴ ልጅ ከመርሳ ደወለልኝ። የወሎ ሰላምታ ነውና መጀመሪያ የእኔን ጤና፣ ከዚያ የቤተሰቡን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀ። ሲጨርስ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» አለኝ።

ልጁ መርሳ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሰርግና የምረቃ ቪዲዮ ያቀናብራል። ኮምፒውተሩ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው ረዘም ያለ ቪዲዮ ሲከፍትበት ስታክ ያደርጋል። ወልድያ ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ ሁለት ምርጫ ቀረበለት። አንደኛው ተራ የሚባለው ራም ሲሆን መጠኑ 32 ጊጋባይት ነው። ሁለተኛው 16 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ብረት የለበሰ፣ ቀለማም መብራት የሚያበራ፣ «ኦቨርክሎክ የሚደረግ» የተባለ ውድ ራም ነው። መጠናቸው ቢለያይም ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

«ባለሱቁ ውዱ ኮምፒውተሩን ያበረዋል ይላል። የጥር ሰርግ ሳይገባ መግዛት አለብኝ። የቱን ልግዛ?»

የጠየቀኝ ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ገንዘቡ ግን የአንድ ሙሉ የሰርግ ወቅት ትርፉ ነው። ቢሳሳት የሚመልስለት የለም። ስለዚህ «ሁለት ቀን ስጠኝ» አልኩት። በሁለቱ ቀናት ዋጋ ብቻ አላነጻጸርኩም። ነገሩ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ሄጄ ማየት ጀመርኩ።

በዚህ ቻናል የፖለቲካ ትንታኔ የለመደ አንባቢ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» ሊለኝ ይችላል። ታገሱኝ። በዚህች የጣት ርዝመት ባላት ሰሌዳ ታሪክ ውስጥ የንግድ ጦርነት አለ፣ በፍርድ ቤት የተቀጣ የዋጋ ሴራ አለ፣ የዶላር ጉዳይ አለ፣ የመብራት መጥፋት አለ። የእኛም ጦርነት አለበት። (እ.ኤ.አ. ያልኩበት የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው የራሳችን።)

በእጅ የተሸመነ ማስታወሻ

የኮምፒውተር ማስታወሻ ሲጀመር የሸማኔ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኮምፒውተሮች መረጃን የሚይዙት ከጤፍ ብዙም በማይተልቁ የማግኔት ቀለበቶች ነበር። በእያንዳንዷ ቀለበት ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ድርና ማግ ይተላለፋሉ። አንዷ ቀለበት የምትይዘው አንድ «አዎ» ወይም አንድ «አይ» ብቻ ነው። ሽቦውን በአጉሊ መነጽር እያዩ በመርፌ የሚያስገቡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው የአፖሎ ኮምፒውተር ፕሮግራም እንኳ የተሸመነው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በፋብሪካ ሴቶች እጅ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዷ ቀለበት እስከ አንድ ዶላር ታወጣ ነበር። የልጃችን 8 ጊጋባይት ራም በዚያ ሒሳብ ቢሠራ ከ60 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጠየቀ ነበር።

ሸማኔዎቹን ሥራ ያስፈታቸው የአይቢኤሙ መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድን መረጃ በአንድ ትራንዚስተርና በአንዲት ኤሌክትሪክ በምታጠራቅም ትንሽ ቋት ብቻ መያዝ እንደሚቻል አሰበ። የፈጠራ ባለቤትነቱን በ1968 አገኘ። ዛሬ በስልካችሁም በኮምፒውተራችሁም ያለው ራም የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱ እስከ ዛሬም አልተፈታም። ቋቷ ታፈሳለች። የተሰነጠቀ እንስራ በሏት። የያዘችውን እንዳትረሳ ቢያንስ በየ64 ሚሊሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል፣ ተነብባ እንደገና መሞላት አለባት። መብራት በጠፋ ቅጽበት ደግሞ ሁሉን ትረሳለች። የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበረ መብራት የሄደበት ሰው ይህን ከመሐንዲስ በላይ ያውቀዋል።

ፍጥነትን መጨመር ማለት እንግዲህ ይህችን የምታፈስ እንስራ ቶሎ ቶሎ መቅዳትና ቶሎ ቶሎ መሙላት ማለት ነው። ውዱ ራም የሚመጣው ከዚህ ነው። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ዋጋውን ማን እንደሚወስን እንይ።

ዋጋውን የሚወስነው ማነው?

ኢንቴል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፕሮሰሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሲቋቋም ግን ኩባንያው የማስታወሻ ቺፕ ሊሠራ ነበር የተነሣው። በ1970 ገበያ ላይ ያዋለው 1103 የተባለ ቺፕ የማግኔት ቀለበቶቹን ዘመን የዘጋ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግን የጃፓን ፋብሪካዎች በጥራትም በዋጋም በለጡት። ኢንቴል በ1985 የተወለደበትን ሥራ ጥሎ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካና የጃፓን መንግሥታት ስለ ቺፕ ዋጋና ገበያ ስምምነት ተፈራረሙ። አንድ የኮምፒውተር ዕቃ በመንግሥታት መካከል የድርድር ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ስለ ቺፕ የምንሰማው የኃያላን ፍትጊያ አዲስ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የዋጋ መውጣትና መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 በጃፓን ኒሃማ ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ፈነዳ። ፋብሪካው ቺፕ አይሠራም፤ ቺፕ የሚሸፈንበትን ሙጫ ነበር የሚሠራው። ነገር ግን ዓለም ከሚጠቀምበት ሙጫ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከዚያ ስለነበር የራም ዋጋ ባጭር ጊዜ ተተኮሰ። በ2013 በቻይና ዉሺ የሃይኒክስ ፋብሪካ ሲቃጠልም ዋጋው እንዲሁ ዘለለ። ከ2016 አጋማሽ እስከ 2018 እንደገና ወጣ፤ በ2019 ወረደ።

አንዳንዴ ደግሞ ዋጋውን የሚያስወጣው እሳት ሳይሆን ሰው ነው። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት ትልልቆቹ ራም አምራቾች ተደብቀው ዋጋ ይነጋገሩ እንደነበር ደረሰበት። ሳምሰንግ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ሃይኒክስ 185 ሚሊዮን፣ የጀርመኑ ኢንፊኒዮን 160 ሚሊዮን፣ የጃፓኑ ኤልፒዳ 84 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ። ማይክሮን ቀድሞ ከመርማሪዎች ጋር ስለተባበረ ከቅጣት ዳነ። አውሮፓም በ2010 በበኩሏ ቀጣች። ኤልፒዳ ከስሮ ማይክሮን ገዛው። ዛሬ የዓለም ራም በአብዛኛው በሦስት እጆች ውስጥ ነው፦ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን።

ይህን ሁሉ የማነሳው የወልድያ ባለሱቅ ዋጋ ሲጨምር ወዲያው «ስግብግብ ነጋዴ» ለምንል ሰዎች ነው። አንዳንዱ ስግብግብ ይሆናል። ነገር ግን የሚሸጠው ዕቃ ዋጋ መጀመሪያ ኮሪያ ላይ ይወሰናል፣ ከዚያ ዱባይ ላይ ይጨመርበታል፣ ከዚያ መርካቶ፣ ከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ድሮ ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። የዛሬው አሞሌ ራም ነው፤ የወሎ ሰው ደግሞ እንደ ድሮው መንገዱ ላይ ነው ያለው፣ ምንጩ ላይ አይደለም። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የዓለም ዋጋ ባይነቃነቅ እንኳ የመርሳው ልጅ ከእጥፍ በላይ ሊከፍል ነው።

ታዲያ «ውድ» ራም ምንድን ነው?

የጤፍ ገበያን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ እንላለን። ሁሉም ጤፍ ነው። ልዩነቱ ምርጫው ላይ ነው። የመርሳ ነጋዴም ከአንድ ዛፍ የወረደ ማንጎ ለይቶ ጥሩውን ከላይ ይደረድራል።

የራም ቺፕም እንዲሁ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ቺፖች ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ቢያስሮጡት ይችላል፤ አንዳንዱ ይሳሳታል። ሦስቱ ትልልቅ ፋብሪካዎች ቺፑን ይሠራሉ፤ እንደ ኮርሴርና ጂ ስኪል ያሉት ደግሞ ገዝተው፣ ፈትነው፣ የሚችለውን መርጠው፣ ብረት አልብሰው በውድ ይሸጣሉ። ስለዚህ ከውዱ ራም ላይ የምንከፍለው ትርፍ ገንዘብ ለተለየ ፈጠራ አይደለም። ለመራጩ የምንከፍለው ነው። ማኛ ነው።

ይህ ንግድ የተወለደው ከድሆች ብልሃት መሆኑ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ተጠቃሚዎች አንድ ቅንብር በመቀየር ብቻ ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ አደረሱት። ከውዱ ጋር የሚወዳደር ማሽን በርካሽ አገኙ። ኦቨርክሎክ ማለት ያኔ ትንሽ ከፍሎ ብዙ ማግኘት ነበር።

ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ ዊንቦንድ የሠራው ቢኤች 5 የተባለ ቺፕ በዓለም ያሉ የፍጥነት አሳዳጆች ሁሉ የሚፈልጉት ሆነ። የዘመኑ ራም ወደ 2.6 ቮልት ሲሰጠው፣ ይህን ቺፕ ከ3 ቮልት በላይ እየሰጡ ያስሮጡት ነበር። ቀጥሎ የሳምሰንግ ቢ ዳይ የተባለው መጣና በዲዲአር 4 ዘመን ያንን ስም ወረሰ። ኢንቴል በ2007 ኤክስኤምፒ የሚባል ዘዴ አመጣ፤ ገዥው በኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥ ገብቶ አንድ ምርጫ ሲያበራ ራሙ ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት ይሮጣል። ኤኤምዲም በ2022 የራሱን አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ኦቨርክሎክ ብልሃት መሆኑ ቀርቶ ሸቀጥ ሆነ። ድሮ ርካሹን ገዝተህ ውዱን ታደርገው ነበር፤ አሁን ውዱን ገዝተህ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ትቀበላለህ።

ሃያ ዓመት ሙሉ 10 ናኖሰከንድ

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አትሽሹ፤ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ራም ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ፍጥነቱ ነው፤ ለምሳሌ 3200። ሌላው ጥያቄ ከቀረበለት በኋላ መልሱን እስኪጀምር ስንት ምት እንደሚቆይ የሚናገረው ሲኤል የሚባለው ነው፤ ለምሳሌ 16። ሁለተኛውን በ2000 አባዝታችሁ ለመጀመሪያው ስታካፍሉ እውነተኛው የመቆያ ጊዜ በናኖሰከንድ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ምርጥ ራም ፍጥነቱ 400፣ ሲኤሉ 2 ነበር። ውጤቱ 10 ናኖሰከንድ። የዲዲአር 4 ጥሩ ራም 3200 እና 16 ነው። ውጤቱ 10 ናኖሰከንድ። የዛሬው ዲዲአር 5 ተፈላጊ ራም 6000 እና 30 ነው። ውጤቱ አሁንም 10 ናኖሰከንድ።

ከሃያ ዓመት በላይ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር አሥራ አምስት እጥፍ ሲያድግ የመጀመሪያዋ ጠብታ የምትደርስበት ሰዓት ካለበት አልተነቃነቀም። ያደገው የቧንቧው ስፋት ነው፤ በሰከንድ የሚያልፈው መረጃ በአንድ መስመር ከ3.2 ጊጋባይት ወደ 48 ጊጋባይት ደርሷል። ይህ ትልቅ እድገት ነው፤ ግን ተራውም ራም ከዚህ እድገት ተካፋይ ነው።

በዲዲአር 4 ተራና ምርጥ ሲነጻጸሩ ምን ይመስላሉ? ተራው 3200 ሲኤሉ 22 ነው፤ 13.75 ናኖሰከንድ። በጣም የተመረጠው 3200 ሲኤሉ 14 ነው፤ 8.75 ናኖሰከንድ። ልዩነቱ 5 ናኖሰከንድ ነው። ይህ በጌም ውስጥ ጥቂት በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ቪዲዮ በማቀናበር ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው ሰዓት ይዞ ካልቆመ አያየውም።

በአንጻሩ ራም ሲያልቅ ምን ይሆናል? ኮምፒውተሩ የጎደለውን ቦታ ከዲስክ ይበደራል። ራም የሚለካው በናኖሰከንድ ነው፤ ሃርድ ዲስክ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው። አንድ ሚሊሰከንድ አንድ ሚሊዮን ናኖሰከንድ ነው። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ስታክ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ችግሩ የራሙ ዝግመት አይደለም፤ ራሙ ሞልቶ ወደ ዲስክ መሄዱ ነው። በ5 ናኖሰከንድ ለማትረፍ ብሎ 16 ጊጋባይት ማጣት፣ ለማኛ ሲሉ ግማሽ ኩንታል ትቶ መመለስ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላው ብዙ ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ

እዚህ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ልጠይቀው የሚገባኝን ሳልጠይቅ እንደቀረሁ ገባኝ። ደወልኩ። «ለመሆኑ ኮምፒውተርህ ምንድን ነው?»

ከአዲስ አበባ የገዛው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ የስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5። በወልድያ፣ በመርሳ፣ በደሴ፣ በአዲስ አበባም ብዙ ሰው የሚሠራበት ከውጭ ቢሮዎች የወጣ፣ ጠንካራ፣ ርካሽ ማሽን ነው። ነገር ግን ለቢሮ የተሠራ ስለሆነ ማዘርቦርዱ ኤክስኤምፒ አይፈቅድም። የዚያ ትውልድ ፕሮሰሰር ደግሞ ዲዲአር 4ን የሚያስሮጠው በ2133 ነው። 3600 የተጻፈበትን ባለ መብራት ራም ቢሰካበት በ2133 ይሮጥ ነበር። መብራቱ ግን ይበራ ነበር።

ባለሱቁ ዋሽቷል አልልም። ራሙ እውነትም ፈጣን ነው። የዋሸ የለም፤ የጠየቀ ሰው ነው ያልነበረው። ኢንቴል ቢሮ ለሚሠሩ ርካሽ ማዘርቦርዶች ራምን ከደረጃው በላይ ማስሮጥን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ የቢሮ ማሽን ያለው ሰው ውድ ራም ሲገዛ ለማይነዳበት መንገድ ቀረጥ እየከፈለ ነው።

መቼም በዚህ ስሕተት ያለው የመርሳው ልጅ ብቻ አይደለም። ደህና ማሽን ገዝተው፣ ውድ ራም ሰክተው፣ ባዮስ ውስጥ ገብተው ያንን አንድ ምርጫ ሳያበሩ ዓመታት የተጠቀሙ ሰዎችን አውቃለሁ። ማኛ ገዝቶ ከሰርገኛ ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨት ነው።

ሙቀት፣ መብራትና አደራ

«እሺ፣ ማሽኑ ቢፈቅድስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የአገሩን ሁኔታ ይጠይቃል።

ዲዲአር 4 በደረጃው የሚሠራው በ1.2 ቮልት ነው። ኦቨርክሎክ ሲደረግ ብዙ ጊዜ 1.35 ቮልት ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። የምታፈሰው እንስራ ሲሞቃት ደግሞ ይበልጥ ታፈሳለች። ይህ ሁሉ የተፈተነው አየር ማቀዝቀዣ ባለበት፣ መብራቱ በማይዋዥቅበት ክፍል ነው። የሀብሩ ቆላ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት መጥቶ ሲሄድ አልተፈተነም።

ኦቨርክሎክ የተደረገ ራም ሲሳሳት ሁልጊዜ ኮምፒውተሩን አያጠፋውም። ቢያጠፋው ጥሩ ነበር፤ እናውቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አንዷን «አዎ» ወደ «አይ» ይቀይራታል። ፋይሉ ይቀመጣል፣ ተበላሽቶ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጎግል ባለሙያዎች የኩባንያውን አያሌ ኮምፒውተሮች ያዩበት ጥናት፣ ከደረጃው ባላለፈ ፍጥነት የሚሠሩ የራም ካርዶች እንኳ በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስሕተት እንደሚያሳዩ አሳይቷል። የእነሱ ማሽኖች ስሕተትን ለይቶ የሚያርም ራም አላቸው። የእኛ የላቸውም።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ ልጁ ከኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኩን ብቻ ነቅሎ ደበቀ። ከተሞቹ መብራትና ስልክ ሳይኖራቸው ወራት አሳለፉ። ታኅሣሥ 2014 ከጦርነቱ ሲወጡ ኮምፒውተሩ አልነበረም፤ ካሜራውም አልነበረም። የግለሰብ ብቻ አልነበረም ኪሳራው፤ በ2004 ሥራ የጀመረው፣ መርሳ ላይም የግብርና ካምፓስ ያለው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎቹና ኮምፒውተሮቹ ተዘርፈው፣ ወድመው ነው የተገኘው።

ዲስኩ ግን ተርፏል። ያገለገለ ማሽን ሲገዛ መጀመሪያ የመጣችለት ደንበኛ አዲስ ሙሽራ አልነበረችም። አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው በጦርነቱ ሞቷል። የሰርጉን ቪዲዮ ፈልገው ነው የመጡት። ቤታቸው የነበረው ቅጂ ጠፍቷል። ልጁ ከዲስኩ አውጥቶ ሰጣቸው።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሌላ አገር ያለ አቀናባሪ ፋይሉን በኢንተርኔት ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። የመርሳው ልጅ ያለው አንድ ዲስክና አንድ ፍላሽ ነው። ከዚያች ጠባብ ክፍል የሚወጣው ፋይል ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው ቅጂ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚሠራ ማሽን ከሁሉ በፊት የታመነ መሆን አለበት። ፍጥነት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

አቋሜን ልናገር። በእኛ ሁኔታ ውድ ራም ለኦቨርክሎክ ብሎ መግዛት ለአብዛኛው ሰው ገንዘብ ማባከን ነው። ምክንያቴ ውዱ ራም መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም። ዋጋው የሚገዛው ምርጫንና ማረጋገጫን ነው፤ ሁለቱም መርሳ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ምርጫው ማሽኑ ስለማይጠቀምበት ይቀራል። ማረጋገጫው ደግሞ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ታይዋን ላለ ቢሮ እንጂ ለእኛ ስለማይሠራ ይቀራል።

ፍትሐዊ ለመሆን ሁለት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው፣ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ምስልን በፕሮሰሰሩ ብቻ የሚያወጣ ዘመናዊ ማሽን ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ከራሙ ተሻምቶ ስለሚሠራ ፈጣን ራም በግልጽ ይጠቅመዋል። ያም ሆኖ ትልቁ ጥቅም የሚመጣው ከውድነቱ ሳይሆን አንድ ራም በመሰካት ፈንታ ሁለት ተመሳሳይ በመሰካት ነው። ሁለተኛው፣ ኦቨርክሎክን እንደ ሙያ የሚማር ወጣት ነው። እሱ የሚገዛው እውቀት ነው፤ ይግዛ፣ አልከለክለውም። ለሥራ የሚጠቀምበት ማሽን ላይ ግን አይሞክረው።

ለቀረነው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ማሽንህ ምን ያህል ፍጥነትና መጠን እንደሚቀበል እወቅ። ሁለተኛ መጠኑን አሟላ። ሦስተኛ ጥንድ አድርገህ ግዛ። አራተኛ ባለሱቁ ፊት ሰክተህ፣ ሜምቴስት የሚባለውን ነፃ መፈተኛ ለጥቂት ሰዓታት አስኪድ፤ አንዲት ስሕተት ካሳየ መልስ። አምስተኛ፣ የተረፈህን ገንዘብ ዩፒኤስና ሁለተኛ ዲስክ ላይ አውለው። ይህ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ግዥ ክፍሎችም ይመለከታል። ለቃለ ጉባኤ መጻፊያ የጌም ራም በጨረታ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት የሕዝብን ገንዘብ ለመብራት ማስጌጫ ማዋል ነው።

«ልጠብቅ ወይስ አሁን ልግዛ?» ለሚለው ደግሞ ታሪክ ግማሽ መልስ አለው። ከ2018 መግቢያ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ሁሉ ተተኩሷል። ምክንያቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ቺፑን ጠራርገው መግዛታቸው ነው። ማይክሮን ኅዳር ላይ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዥ የሚሸጠውን ራም እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ለትልልቆቹ መሸጥ ይሻለዋል። ያለፉት ግርግሮች ሁሉ፣ የ1993ቱም የ2018ቱም እ.ኤ.አ.፣ በመጨረሻ ሰክነዋል። ይህኛው መቼ እንደሚሰክን ተንባይ አይደለሁም። ሥራህ በራም እጥረት ከቆመ የሚያስፈልግህን ያህል ግዛ። ሥራህ እየሄደ ከሆነ ጠብቅ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለጌጥ መግዛት ግን የማይመከር ነው።

የእህቴ ልጅ ተራውን 32 ጊጋባይት ገዛ። ወልድያ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ አስፈተነው፤ ባለሱቁ ሻይ አዘዘለት። የመጀመሪያው ራም ሁለት ስሕተት አሳየ፤ ያለ ክርክር ተቀየረለት። ሁለተኛው ንጹሕ ወጣ። የጥርን ሰርጎች ሳያቋርጥ ጨረሰ። ትናንት ደግሞ ደውሎ፣ እንደ ልማዱ ጎረቤቶቼን ሁሉ ጠይቆ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ መብራት ባያበራም ይሠራል» አለኝ።

እኔም ከጠየቀኝ በላይ ተማርኩ። ከስድሳ ዓመት በፊት ሴቶቹ በመርፌ ሲሸምኑ የሚፈለግባቸው አንድ ነገር ነበር፤ አንዲትም ቀለበት እንዳትስት። ዛሬም ከማስታወሻ የሚፈለገው እሱ ነው። የተሰጠውን አደራ ሳይቀይር መመለስ።

ቸር ያሰንብተን።